አባቴን ከቀኑ ቀድማችሁ ስላሳወራችሁልኝ

ለከተማው የጎብኚዎች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ፣ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ሁለቱም ዓይኖችዎ በሙሉ ብርሃናቸው እንዲሆኑ፣ መነጽር ካለዎትም የተወለወለ እንዲሆን ምኞቴ ነው፤ ጽሑፌ ረዘም ይላልና።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት የምተዳደር፣ ከእርስዎ ከተማ በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ ርቄ የምኖር ሴት ነኝ። እኔን አያስታውሱኝም። አባቴን ግን ሳያስታውሱት አይቀሩም፤ ባለፈው የጎብኚዎች ሳምንት ቢጫ ጥብጣብ በክንዱ ታስሮለት፣ የጽሕፈት ቤታችሁ ዓርማ ያለበት ነጭ ዱላ ተሰጥቶት በስፖርት አዳራሹ የፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ እሱ ነው። ለዚያ ቀን መስተንግዶ እስካሁን ሳላመሰግን በመቅረቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ዛሬ ውለታዎን ለመመለስ ተነሥቻለሁ።

አባቴ ለሠላሳ አንድ ዓመት የከተማችን የቅርጫት ኳስ ውድድሮች ነጥብ መዝጋቢ ነበር። በሥራ ቀናት የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ባለው የአስፋልት ሜዳ ዳር፣ አንድ እግሯ በድንጋይ በተደገፈች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማን እንዳገባ፣ ስንት እንዳገባ፣ ማን ጥፋት እንደሠራ ይጽፋል። እሱ ከቀረ ጨዋታው ይቀራል እንጂ ሌላ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ክቡርነትዎ ይህን ሥራ ከቢሮዎ ሆነው ላይገምቱት ስለሚችሉ ላስረዳ። ኳሱ ወደ ቅርጫቱ ሲነሣ ተመልካቹ በሙሉ ሽቅብ ያያል፤ ነጥብ መዝጋቢው ግን የሚያየው የዳኛውን ጣቶች ነው፤ ያገባው ቁጥር ስንት ነው፣ ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ከዚያ አቀርቅሮ ይጽፋል፤ ቀና ሲል ኳሱ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል። ጎረቤቶቻችን፣ አንተ እኮ የታደልክ ነህ፣ ሁሉንም ከፊት ተቀምጠህ ታያለህ፣ ሲሉት ፈገግ ብሎ ያልፋቸው ነበር። አንድ ቀን ነፍሷን ይማርና ለእናቴ፣ «እኔ ጨዋታ ጽፌ እንጂ አይቼ አላውቅም» ሲላት ሰማሁት። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ሐኪሙ በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን እየበላው መሆኑን ነገረን። ዕይታው ከጎንና ከጎን እየጠበበ መጥቶ በመጨረሻ ዓለምን በቧንቧ ቀዳዳ ውስጥ የሚያያት ሆነ። በዚያች ቀዳዳ ውስጥ የገባው ነገር ግን ጥርት ብሎ ይታየው ነበር፤ ጋዜጣ ያነባል፣ እኔ ያቃተኝን ክር መርፌ ውስጥ ያስገባልኛል። ሰው ሰላም ሲለው ፊቱ በቀዳዳዋ ውስጥ እስኪገባለት ድረስ ወደኋላ ይራመድ ስለነበር ሰፈሩ፣ ጡረታ ሲወጣ ኮራብን፣ ብሎ አምቶታል። ሐኪሙ ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት ሰጥቶት ለእኔ ለብቻዬ፣ ማየት የሚፈልጉትን አሁን ያሳዩአቸው፣ አለኝ። እኔ የልጅ ልጆቹን፣ ወይም የተወለደበትን ቀዬ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ፣ «እናንተንማ በቃሌ ይዣችኋለሁ። አንድ ጨዋታ እጄን ኪሴ ከትቼ ከዳር እስከ ዳር ልይ» አለ።

ቴሌቪዥን ላይ ይይ እንዳይሉኝ። ቴሌቪዥን ኳሱን ነው የሚያሳድደው፤ አባቴ ደግሞ ማየት የፈለገው አሥሩንም ሰው ባንድ ጊዜ፣ ኳሱ የሌለበትን ጥግ ጭምር ነበር። የእኛ ሜዳ ላይ ጨዋታ ከተደረገ አራት ዓመት አልፎ ዛሬ ግማሹ አሸዋ ተራግፎበታል። ከማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ላይ ሆኖ ያንን ባዶ ሜዳ ቁልቁል ሲያየው ግን በሙሉ በቀዳዳዋ ውስጥ ገባለት። ከፍ ብሎና ርቆ መቀመጥ እንዳለበት ያወቅነው በዚህ ነው።

እንግዲህ ጽሕፈት ቤታችሁ ያወጀውን የአንድ ቀን የጎብኚ ካርድ ሳይ፣ ጠዋት ሁለት ሙዚየም፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቅርጫት ኳስ የዋንጫ ጨዋታ የሚለውን ሳነብ፣ ለእኛ ተብሎ የተጻፈ መሰለኝ። በማመልከቻዬም ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከመሐል፣ ሁለት ወንበር እንዲሰጠን በትሕትና ለመንኩ። ሰው የሚሸሸውን ወንበር የሚከለክለን አይኖርም ብዬ ነበር።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቅጻችሁ አመሰግናለሁ። «የጎብኚው ዕይታ» ከሚለው ሥር ሁለት ሳጥኖች ብቻ አሉ፤ አንዱ «ጤነኛ»፣ ሌላው «ዓይነ ስውር» ይላል። ስልክ ደውዬ የአባቴን ሁኔታ ለጸሐፊዋ ሳስረዳት በትዕግሥት ሰምታኝ፣ «እህቴ፣ መሐል ላይ የሚባል የለንም፤ ዓይነ ስውር በያቸው፤ እንዲያውም ይጠቅማችኋል» አለችኝ። ጤነኛ ብል ደግሞ ደረጃ ላይ የሚደግፈው አያገኝም ብዬ ፈራሁ። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ አንደኛ ተከሳሽ እኔ መሆኔ ይመዝገብልኝ። እናንተ ከእኔ ቀጥላችሁ ናችሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ አጃቢያችሁ አመሰግናለሁ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራችሁ ስንደርስ ጥብጣቡም፣ ዱላውም፣ አንዲት ፈርጠም ያሉ ወይዘሮም ተዘጋጅተው ጠበቁን። ወይዘሮዋ ደግ ሴት ናቸው፤ ይህን የምጽፈው በፌዝ አይደለም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ተጣልቼ እገላገል ነበር። የአባቴን ክንድ በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ይዘው ስፖርት አዳራሹ እስክንደርስ አልለቀቁትም። በታሪክ ሙዚየሙ ውስጥ በመስታወት ጀርባ የቆመ አሮጌ የማተሚያ መኪና ነበር። መግለጫውን ያነበንቡለት ጀመር፤ አባቴ ደግሞ በቀዳዳዋ አነጣጥሮ እሳቸው ገና ያልደረሱበትን መስመር ቀድሟቸው ጮክ ብሎ አነበበ። ቆም ብለው በአድናቆት አዩትና ለአስጎብኚዋ በሹክሹክታ፣ «አይገርሙም? በቃላቸው አጥንተውት መጥተዋል» አሏት። አስጎብኚዋም ከንፈሯን መጠጠችለት። አባቴ ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተና ተወው። እሱ ደግ የዋለለትን ሰው ማሳፈር ከነውር የሚቆጥር ሰው ነው፤ ብዙ ነገር ያሳጣን ይኼ ጠባዩ ነው፤ እኔም ወርሼዋለሁ።

ሦስተኛ፤ የሥዕል ሙዚየሙን በተመለከተ። በትልቁ አዳራሽ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ አንድ ሥዕል አለ፤ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ከወሰደው በኋላ በሁለቱም ዳር ቆመው የሚተያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት መቶ ይሆናሉ። አባቴ ሥዕሉን ሲያይ እንደልማዱ በሙሉ እስኪገባለት ወደኋላ መራመድ ጀመረ። ሁለት እርምጃ ሲያፈገፍግ ወይዘሮዋ፣ «ቀስ አባባ፣ ይወድቃሉ» እያሉ ሦስት እርምጃ ወደፊት ይጎትቱታል። እንዲህ ሲገፋና ሲጎተት ቆይቶ በመጨረሻ አፍንጫው ሥዕሉን ሊነካ ደረሰ፤ ያየው አንድ ሰው የያዘውን ባዶ ባልዲ ብቻ ነው። ከዚያ ለዓይነ ስውራን ወደተዘጋጀው የመዳሰሻ ክፍል ወሰዱን። አርባ ደቂቃ የጄሶ ፈረስ ጆሮ ዳሰሰ። ክቡር ሆይ፣ አርባ ደቂቃ ለእርስዎ አንድ ስብሰባ ለመጀመር እንኳ አይበቃም፤ አባቴ ግን የቀረው የማየት ጊዜ የሚለካው እንዲህ በደቂቃ ነበር። እኔ ልናገር ስል እጄን ጨመቅ አድርጎ፣ «ተያቸው ልጄ፤ ዋናው ከሰዓት ነው» አለኝ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ወንበሩ። ዓይን ሊኩሉ ሄደው ዓይን አጠፉ ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን በእናንተ አዳራሽ ነው። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ካርዳችንን ተቀብለው፣ ልዩ እንግዳ በመሆናችን ከመጨረሻው ረድፍ ወደ መጀመሪያው የክብር ረድፍ ማደጋችንን አበሠሩን። ከሜዳው መስመር ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጡን። የተጫዋቾቹ ላብ ይደርሰናል። በቧንቧ ለሚያይ ሰው እዚያ መቀመጥ ማለት ሙሉ ቀን ጉልበት ማየት ማለት ነው። አባቴ ግራ ሲያይ አንድ ጉልበት፣ ቀኝ ሲያይ አንድ ጫማ፤ ሜዳውን ሲፈልግ ጫጫታው ቀድሞት ሌላ ጫፍ ይደርሳል። እኔ በአዳራሹ አናት ላይ ያሉትን ባዶ ረድፎች እያየሁ አስተናጋጁን ለመንኩት፤ እባክህ ወንድሜ፣ ወደላይ እንውጣ፣ አልኩት። እሱም በትሕትና፣ «እህቴ፣ የክብር እንግዳ እዚያ ላይ አይቀመጥም፤ ደግሞ ፎቶ አንሺው የት ብሎ ያገኛቸዋል?» አለኝ። ለወይዘሮዋ ብነግራቸው፣ «እዚህ ቢሆኑ ድምፁ በደንብ ይሰማቸዋል» አሉኝ። አንዳቸውም ክፉ አልተናገሩኝም። ተሰድቤ በሆነ ብዬ የተመኘሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

በእረፍት ሰዓት አስተዋዋቂው አባቴን ወደ ሜዳው መሐል አስጠራው። ለሠላሳ አንድ ዓመት ከጨዋታ ጎን የተቀመጡ ዓይነ ስውር አባት ብሎ ለሕዝቡ ሲያስተዋውቀው፣ በማመልከቻዬ ላይ ስለ ሥራው የጻፍኩትን ከቅጻችሁ ምልክት ጋር ደርቦ የሠራው ታሪክ መሆኑ ገባኝ። ኳስ አሳቀፉት፤ ማይክራፎኑንም ወደ አፉ አስጠጉለት። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ የዋጠውን በዚያች ሰዓት ተናገረው። በረጅሙ ተንፍሶ፣ «እኔ አያለሁ፤ ወደላይ ብታወጡኝ አያለሁ» አለ። አስተዋዋቂው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ሰማችሁ? በልባቸው ያያሉ» ብሎ ለሕዝቡ አስተላለፈ። አዳራሹ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ የሚያለቅሱም ነበሩ። አባቴ የሕዝቡ ጭብጨባ እስኪያልቅ ኳሱን እንዳቀፈ ቆመ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይኑ ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰው እውነቱን ተናግሮ በጭብጨባ ሲቀበር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

አምስተኛውን በአጭሩ ላድርገው። በሦስተኛው ሩብ ክቡርነትዎ ራስዎ ወደ እኛ ረድፍ ወረዱልን፤ ለፎቶግራፍ ተነሥታችሁ ቁሙ ተባልን፤ መብራቱ አልተመቸም፣ ጥብጣቡ አልታየም፣ ዱላው ከፍ ይበል እየተባለ ብዙ ጊዜ ተነሣን። በአራተኛው ሩብ ደግሞ አባቴ የምስክር ወረቀት ፈርሞ እንዲቀበል ተብሎ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለ ቢሮ ተወሰደ። ማኅተሙን የያዘው ሰው ጨዋታውን ሊያይ ወጥቶ ስለነበር ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ጩኸቱ በግድግዳው ውስጥ ያልፍ ነበር። አባቴ በየጩኸቱ፣ «ይኼ ገባ»፣ «ይኼ ጥፋት ነው» ይለኝ ጀመር፤ ጣቱ ጭኑ ላይ ሲጽፍ አየሁ። ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ጥብጣቡን ፈታሁ፣ ዱላውን የቢሮው ጥግ ላይ አቆምኩ፣ እጁን ይዤ ወጣሁ። ወይዘሮዋ ከኋላ ሲጣሩ ይሰማኛል፤ ዞሬ አላየሁም። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው፤ ሳያርፍ ወጣው።

አናት ላይ ስንደርስ አባቴ ዞር ብሎ ቁልቁል አየ። ከዚያ እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ «አሥሩም አሉ» አለኝ። የሰዓቱ ሰሌዳ ሃያ ስድስት ሰከንድ ይላል። መሪው ቡድን በአሥራ አንድ ነጥብ ይበልጥ ስለነበር ጨዋታው በቁሙ አልቆ ነበር። አንዱ ተጫዋች ከመሐል መስመሩ ወዲህ ቆሞ ኳሷን ያነጥራል፤ የሚነጥቀው የለም። ሌሎቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሰዓቱን ያያሉ፤ ሁለቱ መጨባበጥ ጀምረዋል። አባቴ ለሠላሳ አንድ ዓመት ጽፎ፣ ለአንድ ቀን ለማየት መጥቶ ያየው ጨዋታ ይህ ነው፤ ቆሞ ኳስ የሚያነጥር ሰው። ደወሉ ሲደወል፣ «ሌላ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። የታችኛው መብራት እስኪጠፋ ድረስ ግን ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት ወደ ክፍሉ ስገባ እንደልማዱ ፊቴ እስኪገባለት ወደኋላ መራመድ ጀመረ። ጀርባው ግድግዳውን ነካ። እግሩ ግን አሁንም ወደኋላ ሊሄድ ይሞክር ነበር። ያን ጠዋት እሱ አላለቀሰም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ድምፄን አፍኜ።

ጎረቤቶች ሊጠይቁት ሲመጡ፣ እንኳን ሳይጨልምብህ ትልቁን ጨዋታ አየህ፣ ይሉታል። እሱም፣ «አየሁ፤ በጣም ጥሩ ነበር» ይላል። ስለ ጨዋታው ንገረን ሲሉት ያንን ኳስ የሚያነጥረውን ልጅ ይነግራቸዋል፤ እንዴት እንደቆመ፣ ኳሷን ሳያያት እንዴት እንደሚያነጥራት፣ ትከሻው እንዴት እንደላላ። ሃያ ስድስት ሰከንዷን አንድ ሰዓት ያወራታል። እኔ በዚያ ሰዓት ልብስ ስፌቱ ላይ አቀረቅራለሁ።

ክቡር ሆይ፤ ሕግ ጥሳችኋል አልልም፤ ሁሉን በደንቡ መሠረት ነው ያደረጋችሁት። ፍርድ ቤትም አልሄድም፤ ዳኛውስ እናንተን በምን ይጠይቃል፣ በደግነት? አባቴ መታወሩ አይቀርም ነበር፤ ያ የእግዜር ሥራ ነው። ነገር ግን ሠላሳ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበርና፣ ከእነዚያ ውስጥ ያቺን አንዷን ከሰዓት በእንክብካቤ የወሰዳችሁበት እናንተ ናችሁ። ይህን ስናገር ትሕትና ጎድሎብኝ ከሆነ፣ ትሕትናዬን በዚያ ቀን ጨርሼው መምጣቴን አስበው ይለፉኝ።

ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ በሚሄዱበት ሁሉ የፊት ረድፍ እንዳይለይዎ እየተመኘሁ፣ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የነጥብ መዝጋቢው ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
በዚያን ቀን ከመቀመጫው ተነሥቶ ላጨበጨበው ሕዝብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመስታወት ክፈፍ አሳምራችሁ የላካችሁለት ትልቅ ፎቶግራፍ ባለፈው ሳምንት ደርሶናል። አባቴ ከግድግዳው ሳልሰቅለው በፊት በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ እንድነግረው ጠየቀኝና ነገርኩት። ጀርባችንን ለሜዳው ሰጥተን ቆመናል። ከእሱ ራስ ኋላ አንድ ባለ ቁጥር አሥራ አራት ተጫዋች አየር ላይ ነው፤ ኳሱ ከጣቶቹ ጫፍ ገና መለየቱ ነው። አባቴ ቀና ብሎ፣ «ገባ?» አለኝ። በሁለተኛው ቀንም፣ በሦስተኛውም ጠየቀኝ። በአራተኛው ቀን፣ አዎ ገብቷል ብዬ ዋሸሁት። ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «ሁለት ነው ሦስት?» አለኝ። የተጫዋቹ እግር ከየት እንደተነሣ አይታይም፤ መስመሩ ባለበት ቦታ ያለው የአባቴ ራስ ነው። ወደ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ ደውዬ ነበር፤ ቁጥር አሥራ አራት በዚያ ቀን ሰባት ጊዜ ማስገባቱ ተጽፏል፤ ይህቺ ከሰባቱ ትሁን አትሁን መዝገቡ አያውቅም። እርስዎን እንዳልጠይቅ ከአባቴ ጎን ቆመው ክንዱን ይዘው ወደ ካሜራው ሲስቁ ይታያሉ። እንግዲህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በዚያች ሰዓት ጨዋታውን ያይ የነበረ ሰው ካለ፣ እባክዎ ፈልገው ይላኩልን።